ፊውዝ ሲቃጠል በምን ይተካ?

መብራት ጠፍቶ ድንገት ሲመጣ ቴሌቪዥኑ ወይም ቴፑ አልነሣ ይላል። ክዳኑ ሲከፈት ትንሿ የመስተዋት ቱቦ ጠቁራ፣ በውስጧ ያለው ክር ተበጥሶ ይገኛል። በየቤቱ የተለመደው መፍትሔ ከአሮጌ ገመድ አንድ የመዳብ ክር መዝዞ በተቃጠለው ፊውዝ ላይ መጠምጠም ነው። መሣሪያውም ወዲያው ይሠራል። ታዲያ ጉዳቱ ምን ላይ ነው?

ጀምስ ጁል እ.ኤ.አ. በ1841 እንዳስረዳው፣ የኤሌክትሪክ ጅረት በሽቦ ሲያልፍ የሚፈጥረው ሙቀት ከጅረቱ ዳግም ርቢ ጋር ይመጣጠናል፤ ጅረቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ፊውዝ ሆን ተብሎ ከሌሎቹ የመሣሪያው ክፍሎች ሁሉ ደካማ ሆኖ የተሠራ ክር ነው። ሌላው ከመቃጠሉ በፊት እርሱ ቀልጦ ዑደቱን ይቆርጣል።

እስቲ የመዳቡን ክር እናስላ። የብሪታንያው መሐንዲስ ዊልያም ፕሪስ ባወጣው ቀመር መሠረት፣ የመዳብ ሽቦ የሚቀልጥበትን ጅረት በአምፔር ለመገመት ዲያሜትሩን በሚሊ ሜትር ወስደን በራሱ ዳግም ዘር፣ ከዚያም በ80 እናባዛለን። ውፍረቱ 0.2 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ክር እንግዲህ የሚቀልጠው 7 አምፔር ገደማ ሲደርስ ነው። የተቃጠለው ፊውዝ የ2 አምፔር ከነበረ፣ ጅረቱ ከተፈቀደው ሦስት ተኩል እጥፍ፣ ሙቀቱም 12 እጥፍ እስኪሆን ድረስ የሚያስቆመው የለም። ያን ጊዜ በፊውዙ ፈንታ የሚቀልጠው ትራንስፎርመሩ ወይም ገመዱ ይሆናል፤ የቤት ቃጠሎም ከዚህ ሊነሣ ይችላል።

ምትክ ስንገዛ በፊውዙ የብረት ቆብ ላይ የተቀረጸውን እናንብብ። አምፔሩ እኩል መሆን አለበት፤ ከቶ መብለጥ የለበትም። ቮልቴጁ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን። ለ220 ቮልት መስመር የ250 ቮልት ፊውዝ ይስማማል፤ የመኪና ፊውዝ ግን ክሩ ቢቀልጥም የእሳት ብልጭታው ክፍተቱን ተሻግሮ ጅረቱን ሊያስቀጥል ስለሚችል አይሆንም። «ቲ» የሚለው የላቲን ፊደል ዘግይቶ የሚቆርጠውን፣ «ኤፍ» ደግሞ ፈጥኖ የሚቆርጠውን ያመለክታል፤ በሚነሣበት ቅጽበት ብዙ ጅረት ለሚስብ ትራንስፎርመር የመጀመሪያው ይመረጣል። የቱቦው መጠንም፣ ለምሳሌ 5 በ20 ሚሊ ሜትር፣ ይመሳሰል። ከባድ ጅረት እንዲቆርጥ የተሠራው የሸክላ ፊውዝ በመስተዋት አይተካ።

ክዳኑን ከመክፈታችን በፊት መሣሪያውን ከሶኬት እንንቀል። ይህም ብቻውን አይበቃም፤ በብዙ ዘመናዊ መሣሪያዎች ውስጥ ካፓሲተሩ ከተነቀለ በኋላም እስከ 310 ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል።

አዲሱ ፊውዝ እንደ ገባ ከተቃጠለ ደግሞ ሌላ መግዛት ከንቱ ነው። ጥፋቱ ከፊውዙ ሳይሆን ከውስጥ ነውና መሣሪያውን ለጥገና ባለሙያ እናሳይ።