የአራዊት ግልገሎችና እናቶቻቸው፦ ከአንበሳ ግቢ እስከ ጊቤ ወንዝ

በወልቂጤና በቡታጅራ አካባቢ የሚያድግ ልጅ ጥጃ ስትጠባ፣ ጫጩትም በእናቷ ክንፍ ሥር ስትሸሸግ እያየ ነው የሚያድገው። አንበሳን ግን አብዛኞቹ ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩት ከትምህርት ቤት ወይም ከሰንበት ትምህርት ቤት ጋር ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ነው። ደቦል ከእናቱ ጋር ሲጫወት ያየ ሁሉ “እንዴት ያምራል!” ማለቱ አይቀርም። ይሁን እንጂ በአጥር ውስጥ የተወለደ ግልገል በሰላም እንዲያድግ ምን ያስፈልገዋል? እስቲ አብረን እንመልከት።

የአንበሳ ቤተሰብ

ሴት አንበሳ 110 ቀን ያህል አርግዛ፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ አራት ደቦሎች ትወልዳለች። ደቦሎቹ ሲወለዱ ዓይናቸው የተከደነ ነው፤ ክብደታቸውም አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ እናቲቱ ከመንጋው ተለይታ በጥሻ ውስጥ ትደብቃቸዋለች። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሲሆናቸው ወደ መንጋው ይዛቸው ትመጣለች። የመንጋው መሠረት የሴቶቹ ዝምድና ነው፤ እናትና ልጅ፣ እህትማማቾችና አክስቶች አብረው ይኖራሉ። በአንድ ሰሞን የወለዱ እናቶች አንዷ የሌላዋን ልጅ ታጠባለች።

ከዚህ የምንረዳው ምንድን ነው? በማቆያ ውስጥም ቢሆን የወለደች አንበሳ የምትደበቅበት ጸጥ ያለ ስፍራ ያስፈልጋታል። ጫጫታ የበዛባት እናት ልጆቿን ልትተዋቸው፣ አልፎ ተርፎም ልትገድላቸው ትችላለች። ይህ ከጭካኔ የመጣ ሳይሆን ከጭንቀት የመጣ ነው።

የአንበሳ ግቢ ደቦሎች

በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የሚገኘው አንበሳ ግቢ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1948 ተመሠረተ። የመጀመሪያዎቹ አንበሶች ሰባት፣ ማለትም አምስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች እንደነበሩ፣ የመጡትም ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እንደሆነ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት በግቢው ከነበሩት አንበሶች የ15ቱን ዘረ መል መርምሮ ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳየ። የወንዶቹ ጥቁር ጎፈር እስከ ደረታቸውና እስከ ሆዳቸው ይወርዳል። ተመራማሪዎቹም እነዚህ አንበሶች በዕቅድ እንዲራቡ መከሩ።

ከዚያ ጥናት ስድስት ዓመት አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ከዚሁ ግቢ የተሰማው ወሬ ግን ብዙዎችን አሳዝኖ ነበር። በቦታና በገንዘብ እጥረት ምክንያት ደቦሎች በመርዝ እንደሚገደሉና ሬሳቸውም ቆዳውን ሞልተው ለጌጥ ለሚያዘጋጁ ሰዎች እንደሚሸጥ የማቆያው ኃላፊ ለዜና አውታሮች ተናገሩ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ የደቦሎቹ መወለድ ብቻውን መልካም ዜና አይደለም፤ የሚያድጉበት ስፍራም አብሮ ሊታሰብ ይገባል። ብዙ የዓለም ማቆያዎች የእያንዳንዱን እንስሳ ዘር በመዝገብ የሚይዙት፣ አንዳንዴም ወንዶቹን ከሴቶቹ የሚለዩት ወይም የእርግዝና መከላከያ የሚሰጡት ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ የተከፈተው አንድነት ፓርክም ጥቁር ጎፈር ያላቸውን አንበሶች ለጎብኚ አቅርቧል።

ያለ ጊዜዋ የተወለደችው ጉማሬ

ከወልቂጤ በጅማ መንገድ የተጓዘ ሰው ጊቤን ያውቃል፤ የወንዙንም ጉማሬዎች ሳያይ ወይም ሳይሰማ አይቀርም። ጉማሬ ስምንት ወር ያህል አርግዛ አንድ ግልገል ትወልዳለች። ስትወልድ ከመንጋዋ ትለያለች። ግልገሉ ጆሮውንና አፍንጫውን ዘግቶ በውኃ ውስጥ መጥባት ይችላል።

እ.ኤ.አ. ጥር 24 ቀን 2017 በአሜሪካ ሲንሲናቲ ከተማ መካነ እንስሳት ፊዮና የተባለች ጉማሬ ከጊዜዋ ስድስት ሳምንት ቀድማ ተወለደች። ክብደቷ 13 ኪሎ ብቻ ነበር፤ በጊዜው የሚወለድ ግልገል ግን ቢያንስ 25 ኪሎ ይመዝናል። መቆምም መጥባትም ስላልቻለች ሠራተኞቹ ሌት ተቀን ተንከባከቧት። ከእናቷ ከቢቢ ጥቂት ወተት አልበው አስመረመሩና ለእርሷ የሚስማማ ወተት አዘጋጁ። ሰውነቷ ውኃ ባጣ ጊዜ የሕፃናት ሆስፒታል ባለሙያዎች መጥተው በደም ሥሯ ፈሳሽ ሰጧት። ሆኖም ሠራተኞቹ የእናትን ቦታ ለመውሰድ አልፈለጉም። እናትና ልጅ በአጥር በኩል እንዲተያዩና እንዲሸታተቱ አደረጉ፤ ፊዮና ስትጠነክርም ከእናቷ ጋር አገናኟት። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 ቢቢ ፍሪትዝ የተባለ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ፊዮናም ታላቅ እህት ሆነች።

እኛስ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ በሣር ውስጥ ብቻውን የተኛ የሚዳቋ ወይም የድኩላ ግልገል ብናይ “እናቱ ጥላው ሄዳለች” ብለን አንቸኩል። እናቱ ከጠላት ለመሰወር ደብቃው ልትመገብ ሄዳ ይሆናል፤ ለማጥባትም ትመለሳለች። ወደ ቤት የወሰድነው እንደሆነ ግን እናት አልባ ያደረግነው እኛው ነን።

ሁለተኛ፣ የዱር ግልገል ሲሸጥ ብናገኝ ለማዳን ብለንም ቢሆን አንግዛ። ገዢ ካለ ሻጩ ለሌላ ግልገል ተመልሶ ወደ ዱር ይሄዳል። የአቦሸማኔ ግልገሎች ከአፍሪካ ቀንድ ወደ ዐረብ አገሮች በድብቅ እየተወሰዱ ብዙዎቹ በመንገድ ያልቃሉ። የአቦሸማኔ ልጅ ዓመት ተኩል ያህል ከእናቱ ጋር ቆይቶ ማደንን ይማራል፤ ይህን ያልተማረ ወደ ዱር ቢለቀቅ በሕይወት መኖር ይቸግረዋል። በሆለታ አቅራቢያ ያለው የእንስሳ ኮቴ ማዕከል እንዲህ ያሉ ከሰው እጅ የተወሰዱ አንበሶችንና አቦሸማኔዎችን ይንከባከባል። ስለዚህ ሽያጭ ያየ ሰው ለዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ወይም ለፖሊስ ይንገር።

ሦስተኛ፣ ልጆቻችንን ይዘን ወደ ማቆያ ስንሄድ አስቀድመን እንምከራቸው። ድንጋይ አይወርውሩ፣ አጥር አይደብድቡ፣ ምግብ አይጣሉ። በተለይ እናት ከልጆቿ ጋር ካለች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይመልከቱ። ያን ጊዜ እናቲቱ ሳትረበሽ ልጆቿን ታጠባለች፤ የእኛም ልጆች ሊያዩት የመጡትን ያያሉ።