ክረምት ሲገባ ከጅቡቲ ወደ ሐረር

በደጋ አገር ሕዝብ ዘንድ ክረምት ሲባል የሚታሰበው ዝናምና ጭቃ፥ ጉምና ብርድ ነው። በጅቡቲ ከተማ ግን በእነዚሁ ወራት የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ኻምሲን የሚባለውም ደረቅ ነፋስ ከበረሃው አቧራ እያነሣ ይነፍሳል፤ ሌሊቱም ቢሆን ለእንቅልፍ አይመችም። ስለዚህ ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ ዐቅሙ የፈቀደለት ቤተሰብ አየር ለመለወጥ ወደ ተራራ ይወጣል።

ከተማይቱ የተሠራችው ኮራል ከሚባለው የባሕር ድንጋይ በሆኑና ደሴት በሚመስሉ ከፍታዎች ላይ ነው፤ ዛሬ አንድ ከተማ የሆኑት በድንጋይና በአፈር ድልድል ተያይዘው ነው። በዚያ የተወለደ ልጅ ወደቡንና መርከቡን፥ በበዓል ቀንም በጀልባ የሚሻገርበትን የሙሻን ደሴት ያውቃል፤ ተራራን ግን የሚያየው ከሩቅ ነው። በስተ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በከፍታ ላይ ያለችው አርታ ለአጭር ዕረፍት ትመቻለች። ዘመዱ በኢትዮጵያ ያለ ቤተሰብ ግን ፊቱን የሚያዞረው ወደ ሐረር ነው።

መንገዱ ያረጀ መንገድ ነው። የምድር ባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ ሐረር ሲዘረጋ ተራራውን መውጣት ብዙ ድካምና ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ ሐረርን ወደ ጎን ትቶ በተራራው ግርጌ አለፈ። በዚያም በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ መሥመር ተመረቀ። የቀድሞው ጣቢያ በከተማው ውስጥ ነበር፤ የአሁኑ ከከተማው ውጭ በናጋድ ስለሆነ፥ ሕፃናት ያሉት መንገደኛ ጓዙን ይዞ ማልዶ መነሣት አለበት።

ባቡሩ ዓሊ ሳቢሕን አልፎ በደወሌ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ይገባል። ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው ጉዞ አብዛኛው በረሃ ነው፤ ከግራርና ከግመል በቀር ለዓይን ማረፊያ የሚሆን ነገር ጥቂት ነው። ሆኖም ምድሩ ሳይታወቅ ከፍ ይላል፤ ድሬዳዋ ሲደረስ 1,200 ሜትር ያህል ተወጥቷል ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ሌሊት ማደር እንዲለመድ እንመክራለን። ከድሬዳዋ በኋላ ያለው የደንገጎ ዳገት ጠመዝማዛ ስለሆነ፥ በባቡር የደከሙ ልጆች በዚያው ቀን በመኪና ሲወጡ ራሳቸውን ያዞራቸዋል፥ ጆሮአቸውም ይደፈናል። ሹራቡም በሻንጣው ሥር ሳይሆን ከሁሉ በላይ ይቀመጥ።

ሐረር በ1,900 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ያለች የወይና ደጋ ከተማ ናት። ግንቧና በሮቿ፥ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጀጎል ጠባብ መንገድ፥ ማታ ማታ ጅብ ሲበላ ለማየት የሚሰበሰበው ሕዝብ ለልጆች ተአምር ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎች ለሦስት ወይም ለአራት ቀን ብቻ ወጥተው፥ ሰውነታቸው ከአየሩ ሳይለማመድ፥ ገበያውን ጎብኝተውና ፎቶግራፍ ተነሥተው ይመለሳሉ። ይህ ለኛ ድካም እንጂ ዕረፍት አይመስለንም፤ ምክንያቱም በሐረር ልጁን የሚጠብቀው ነፋሻ አየር ብቻ አይደለም።

በጀጎል አጠገብ በአንድ ግቢ የሰማነውን እንናገር። ስምንት ዓመት የሚሆናት ልጅ ከጅቡቲ በመጣች ማግሥት ጠዋት እየተንቀጠቀጠች ወጥታ አያቷን «እማማ፥ ቀዘቀዘኝ» አለቻቸው። አሮጊቷም ስቀው «ምንሽ ነው የቀዘቀዘው? ሻይሽ ነው ወይ? በረደኝ በዪ እንጂ የኔ ልጅ» ብለው በጋቢያቸው ሸፈኗት። ልጅቱ በቤቷ ዘወትር «ቀዝቃዛ ውኃ» ስለምትል ቃሉን ከዚያ ወሰደችው፤ «በረደኝ» የሚያሰኝ ነገር ግን በዕድሜዋ አግኝቷት አያውቅም። በትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ፥ በሰፈር ሱማልኛ ትናገራለች። ከአያቷ ጋር የሚያገናኛት ቋንቋ ያለው ከእናቷ አንደበት ብቻ ሲሆን፥ እናትም በሥራ የተያዘች ናት። በመጀመሪያው ሳምንት አያትና ልጅ የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ፥ ይኸውም በእናት በኩል ነበር። በአራተኛው ሳምንት ልጅቱ ቡና ሲፈላ ፈንዲሻ እያዞረች «ብሉ እንጂ» ትል ጀመር። በአራት ቀን ቆይታ ይህ አይገኝም።

ረጅም ቆይታ ግን ሌላ ችግር አለው። እናትና ልጆች ሁለት ወር ሲቀመጡ፥ አባት በወደቡ ሥራ ላይ ብቻውን በዚያ ሙቀት ይቀራል፤ ልጆቹንም የሚያገኛቸው በስልክ ነው። አንዳንዱ ከዚህ የተነሣ ቤተሰቡን ጭራሽ አይልክም፤ ሌላው ልኮ የዓመት ፈቃዱን በሌላ ወር ይጨርሳል። ሁለቱም ደግ አይመስለንም። ሐምሌ 19 ቀን የቁልቢ ገብርኤል በዓል ስለሆነ፥ ብዙ ምእመናን በዚያ ሰሞን ወደ ቁልቢ ይወጣሉ። አባት ፈቃዱን ከፍሎ፥ አንዱን ክፍል በዚህ ጊዜ ቢወስድ ከልጆቹ ጋር በአያታቸው ቤት ይሰነብታል፤ የቀረውን ደግሞ በነሐሴ መጨረሻ ወስዶ ቤተሰቡን ለማምጣት ይወጣል። አሠሪውን ግን በሰኔ ሳይሆን ከፋሲካ በፊት ይጠይቅ፤ በሰኔ ጠያቂው ብዙ ነውና።