የጎደሉት የት ሄዱ?

(ድምፅ፦ የወራጅ ውኃ)

ተራኪ፦ እኛ ተከዜ የምንለውን ወንዝ፣ ከማዶ፣ ሱዳን ውስጥ፣ ሰቲት ይሉታል። የወድ ኤል ሒለው አገር ነው፤ ከኢትዮጵያም ከኤርትራም የሸሸ ሰው ያረፈበት። ወደ ገዳሪፍ በኩል ደግሞ ኡም ራኩባ የሚባል የስደተኞች መጠለያ አለ። የጎንደር ቤተ እስራኤላውያን እዚያ ብዙ ሰው ቀበሩ፤ ከተረፉት ብዙዎቹ በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ ወደ እስራኤል በረሩ።

በኋላ የእስራኤል ሐኪሞች አንድ ነገር መዘገቡ። ተዋጊው ነጭ የደም ሴል፣ ኒውትሮፊል፣ ከእነዚሁ ሰዎች ጥቂት በማይባሉት ደም ውስጥ ከልኩ በታች ነው። ሰዎቹ ግን ደህና ናቸው።

ይህ ሴል መንገዱን የሚያገኘው በማሽተት ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም። የቆሰለ ገላ ኬሞካይን የሚባሉ ጥቃቅን ፕሮቲኖችን ይረጫል። ሴሉ ላይ ያሉት ተቀባዮች ሽታው ወደ በረታበት ያዞሩታል፤ ከደም ሥርም ሾልኮ ይወጣል። ሲኤክስሲአር 4 መቅኔ ውስጥ ያቆየዋል፤ ሲኤክስሲአር 2 «ውጣ» ይለዋል።

ሌላም ተቀባይ አለ፤ ታሪኩ ደስ ይለኛል። በፈረንጆች 1950፣ እንግሊዝ አገር፣ ደሙ አልረጋ እያለ የሚያስቸግረው፣ ደጋግሞ የሰው ደም የተሰጠው አንድ ሰው ነበር። አንድ ቀን የተሰጠውን ደም ሰውነቱ አልቀበልም አለ። ምክንያቱ ሲፈለግ እስከዚያ የማይታወቅ የደም ዓይነት ተገኘ፤ የሰውየው ስም ወጣለት፦ ዳፊ። በ1976 ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቹ ቫይቫክስ ወባ ቀይ ሴል ውስጥ የሚገባው በዚሁ በር መሆኑን አሳዩ። በ1993 ደግሞ በሩ ኬሞካይን የሚይዝ ተቀባይ ሆኖ ተገኘ።

ከሰሃራ በታች ያለው አብዛኛው ሰው፣ ከእኛም ጥቂት የማይባለው፣ ይህ በር በቀይ ሴሉ ላይ የለውም። (ቫይቫክስ ግን እኛ ዘንድ በር በሌላቸው ሰዎችም ላይ ታይቷል፤ ወባ መላ አያጣም።)

ይህን ፕሮግራም የጀመርነው ስለ ወባ ልናወራ ነበር። የደም ቆጠራው ግን አስቀረን። በፈረንጆች 2017 የታተመ ጥናት እንደሚለው፣ መቅኔ ውስጥ ዳፊ ሲጠፋ የሚፈጠሩት ኒውትሮፊሎች ጠባያቸው ይለያል፤ ደሙን ቶሎ ለቀው ወደ ሌላው የሰውነት ክፍል ይገባሉ። መርፌው የሚቀዳው ደግሞ ደሙን ብቻ ነው።

(ድምፅ፦ ወረቀት ሲገለጥ)

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የኒውትሮፊል ዝቅተኛ ልክ፣ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም 1,500 ነው። የካንሰር መድኃኒት ሊጀምር የተቀመጠ፣ ይህ በር የሌለው ሰው 1,200 ቢወጣለት፣ ካርዱ ላይ «ዝቅተኛ» ተብሎ ይጻፍና ቀጠሮው ሊገፋ ይችላል።