ቁልቁለትና ፍሬን፦ ሙቀቱ ወዴት ይሄዳል?

ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንጓዝ ብዙዎቻችን ገደል እንወርዳለን። የጎጃሙ ዓባይን፣ የወሎው ጣርማ በርን፣ ከደባርቅ ወዲያ የሚዘልቀውም ሊማሊሞን ይወርዳል። አውቶቡሱ ከአፋፉ ሲደርስ ሹፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፤ ሞተሩ ያጓራል፤ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተሳፋሪም «ምነው ይኸ ሰውዬ፣ ቁልቁለት ላይ እንኳ አይነዳም?» እያለ ያጉረመርማል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ለዚያ ተሳፋሪ መልስ እንዲሆን ነው። እጩ መምህራንም ነገ ክፍል ገብታችሁ ጉልበት (ኢነርጂ) ከአንድ መልክ ወደ ሌላ ይለወጣል እንጂ አይጠፋም ስትሉ፣ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አታገኙም።

በመጀመሪያ ስሌቱን እንይ። ከነተሳፋሪውና ከነጭነቱ 18 ቶን የሚመዝን አውቶቡስ ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ ድልድይ ይወርዳል እንበል። መንገዱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ቁልቁለቱ ከ1,300 ሜትር በላይ ነው። ለስሌት እንዲመች 1,300ን እንያዝ። የአውቶቡሱን መጠነ ቁስ በስበትና በከፍታው ስናባዛ ወደ 229 ሚሊዮን ጁል ይመጣል። የጎማው መንከባለልና የነፋሱ ግፊት የሚወስዱት ቢቀነስ እንኳ 200 ሚሊዮን ጁል ያህል ይቀራል። ይኸውም ሦስት በርሜል ቀዝቃዛ ውኃ አፍልቶ የሚያንተከትክ ጉልበት ማለት ነው። አውቶቡሱ ፍጥነቱን ሳይጨምር ድልድዩ ዘንድ ከደረሰ፣ ይህ ሁሉ ጉልበት ሙቀት ሆኖ የሆነ ቦታ ገብቷል ማለት ነው። የት?

ሹፌሩ የእግር ፍሬን ብቻ እየረገጠ ከወረደ፣ ሙቀቱ የሚገባው በፍሬን ሸራውና በታምቡሩ ውስጥ ነው። የአራቱ ታምቡሮች ብረት በጠቅላላው 240 ኪሎ ይመዝናል ብንል፣ ነፋስም ባያቀዘቅዘው፣ በስሌት ሙቀቱ ከ1,600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ታምቡር የሚሠራበት ብረት ግን 1,200 ገደማ ላይ ይቀልጣል! እርግጥ ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዘው እዚያ አይደርስም። መድረስም አያስፈልገውም እኮ፤ ከዚያ እጅግ ባነሰ ሙቀት ሸራው የመያዝ አቅሙን ያጣል፤ ታምቡሩም በሙቀት ሲሰፋ ከሸራው ይሸሻል። ሹፌሩ ፍሬኑ አልይዝ ሲለው የበለጠ ይረግጣል፤ በረገጠ ቁጥር ደግሞ የበለጠ ይግላል። በአየር የሚሠራ ፍሬን ከሆነም ቶሎ ቶሎ ሲረገጥ በጋኑ ውስጥ ያለው አየር እየጎደለ ይሄዳል። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ለተሳፋሪው ሲደርሰው ነገሩ ከተጀመረ ቆይቷል።

«ሞተሩ ራሱ አይዝም ወይ?» የሚል ይኖራል። ይይዛል፤ ግን የናፍጣ ሞተር በዚህ በኩል ደካማ ነው። የቤንዚን ሞተር ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ የአየር መግቢያው ስለሚዘጋበት፣ ፒስተኖቹ አየር ለመሳብ ይታገላሉ፤ ትግሉም መኪናውን ይይዛል። የናፍጣ ሞተር በተለመደው አሠራሩ አየሩን እንደልቡ ይስባል፤ ያምቀዋል፤ የታመቀውም አየር ፒስተኑን መልሶ ይገፋዋል። የብስክሌት ጎማ መንፊያ ይዛችሁ ቀዳዳውን በአውራ ጣት ዘግታችሁ ብትገፉት፣ ስትለቁት እጀታው ተመልሶ ይመጣል። የሰጣችሁትን ጉልበት መለሰላችሁ እንጂ አልበላውም።

ይህን ችግር በራሱ ላይ ያየው ሰው ክሌሲ ከሚንስ ይባላል፤ በስሙ የሚጠራው የናፍጣ ሞተር ኩባንያ መሥራች ነው። በ1931 (እ.ኤ.አ.) አንድ የናፍጣ መኪና ይዞ አሜሪካን ከኒው ዮርክ እስከ ሎስ አንጀለስ ሲያቋርጥ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ካሆን በተባለው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ አልይዝ አለ። ከታች ሐዲድ መንገዱን ያቋርጣል፤ በሐዲዱ ላይ ደግሞ የዕቃ ባቡር ነበር። የተረፉት ለጥቂት ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ ያወጣው ዘዴ ሲያዩት ቀላል ነው። አየሩ ታምቆ ጫፍ ሲደርስ የጭስ ቫልቩ ይከፈትና የታመቀው አየር ይለቀቃል። መንፊያውን ገፍታችሁ ጫፉ ላይ ስትደርሱ አውራ ጣታችሁን አንሡ፤ አየሩ ፉት ብሎ ይወጣል፣ እጀታውም አይመለስም። ጉልበቱን ሞተሩ በላው ማለት ነው። መሣሪያውን ጃኮብስ የተባለው ኩባንያ በ1961 (እ.ኤ.አ.) ለገበያ አቀረበው። ከዚህ የቀለለ ሌላ ዐይነትም አለ፤ የጭስ መውጫውን በመዝጊያ አፍኖ ፒስተኖቹ ከታፈነው ጭስ ጋር እንዲታገሉ ያደርጋል። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ግን ብዙም አይዝም፤ ጥላሸት ሲይዘውም ይጣበቃል።

ሪታርደር የሚባለው ሌላ ነው። ይኸኛው የሚገጠመው ከካምቢዮው ጋር ነው። በዘይት በሚሞላ ቤት ውስጥ ክንፍ ያለው ጎማ መሰል ብረት ይሽከረከራል፤ ሹፌሩ ሲያዘው ዘይቱ ይገባና ክንፎቹን ይይዛል። ሸራ የለም፤ የሚፋተግ ነገር የለም፤ የሚያልቅ ነገርም የለም ማለት ይቻላል። ዘይቱ ይግላል፤ ሙቀቱን ለሞተሩ ውኃ ያስረክባል፤ ውኃው ወደ ራዲያተር ወስዶ ለነፋስ ይሰጣል። ሦስቱ በርሜል ውኃ የሚፈላበት ሙቀት እንግዲህ በዚህ በኩል ተበትኖ ይቀራል።

ስለ ሪታርደር አብዝተው ከሚነጋገሩት መካከል፣ ነገሩ ያስገርማል፣ የአሜሪካ ጡረተኞች ይገኙበታል። እዚያ አገር መኝታ ቤት፣ ማድ ቤትና መታጠቢያ ያለው፣ አውቶቡስ የሚያህል ተሽከርካሪ ቤት አለ። ትልቁ 14 ሜትር ሊጠጋ፣ 20 ቶንም ሊያልፍ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ትንሽ መኪና ከኋላው ይጎትታል። በብዙዎቹ ግዛቶች የሚነዳው በተራ መንጃ ፈቃድ ነው። ዕድሜ ልኩን የቤት መኪና የነዳ ሰው በድንገት ከአይዘንሃወር ዋሻ፣ ከ3,400 ሜትር ከፍታ፣ ወደ ዴንቨር ቁልቁል ይለቀቃል። የኛ ሹፌር በረዳትነት ዘመኑ ያየውን እሱ ከመጽሐፍ ይማራል። የሚማረውም ይህን ነው፦ የሪታርደሩ ሙቀት ራዲያተሩን ሊያሸንፍ ስለሚችል የሙቀት መለኪያውን ማየት፤ ማርሽ ቀንሶ ሞተሩን በፍጥነት ማዞር፣ ምክንያቱም ውኃውን የሚያዘዋውረው ፓምፕ የሚፈጥነው ያኔ ነውና፤ ዝናብ ወይም በረዶ ሲኖር ደግሞ ሪታርደሩን ማጥፋት። የመጨረሻው ብዙ ሰው ያደናግራል። ሪታርደር የሚይዘው በሞተር የሚገፉትን ጎማዎች ብቻ ነው፤ መንገዱ ካንሸራተተ እነሱ ተይዘው ሌሎቹ ሲሄዱ የመኪናው ጅራት ይዞራል።

ወደ ዓባይ እንመለስ። አውቶቡሱ 20 ኪሎ ሜትሩን በሰዓት 40 እየሄደ ቢወርድ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል፤ መሣሪያው በየሴኮንዱ የሚያስወግደው ሙቀት 111 ኪሎዋት ያህል ነው። በ60 ቢወርድ 167 ኪሎዋት ይሆናል። የሙቀቱ ጠቅላላ መጠን ብዙም ባይለወጥም የሚወገድበት ጊዜ አጥሯል። ስለዚህ ፍጥነት የሚመረጠው አፋፉ ላይ ነው፤ ቁልቁለቱ መሀል ከተገባ በኋላ ማርሽ እቀንሳለሁ ማለት፣ ማርሹ አልገባ ብሎ በባዶ መቅረትን ሊያስከትል ይችላል። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚለው አሮጌ ደንብም፣ በኛ አስተያየት፣ ለዛሬ መኪና አይበቃም። የዛሬው ሞተር ጉልበታም ስለሆነ ዳገቱን በከፍተኛ ማርሽ ይወጣዋል፤ ሲወርድ በዚያው ማርሽ አይያዝም፤ አንድ ወይም ሁለት መቀነስ ያሻል። ነዳጅ ይቆጥባል ብሎ ማርሽ አውጥቶ መውረድማ ስሌትም የለው። መኪናው በማርሽ ተይዞ ሲወርድ የዘመኑ የናፍጣ ሞተር ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋል፤ ማርሹ ሲወጣ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይጠጣል።

የእግር ፍሬኑስ? እሱ የሚፈለገው ለከብቱ፣ ለእረኛው ልጅ፣ ጥምዝ ላይ ተበላሽቶ ለቆመው የጭነት መኪና ነው። ለዚያች ሰዓት ቀዝቅዞ መጠበቅ አለበት፤ ሞተሩ የሚያጓራውም ለዚህ ነው።

ለክፍል የሚሆን አንድ ሙከራ እንጨምር። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሪታርደርም አለ፤ ብረት በማግኔት አጠገብ ሲሽከረከር በውስጡ ኮረንቲ ይፈጠርና ያ ኮረንቲ ሽክርክሩን ይቃወማል። ፈረንሳዊው ፉኮ ነገሩን ያሳየው በ1855 (እ.ኤ.አ.) ነው። አንድ ሜትር የሚሆን የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ቱቦ አቁማችሁ 20 ግራም የሚመዝን ጠንካራ ማግኔት ጣሉበት። ማግኔቱ ከቱቦው ጋር አይጣበቅም፤ ግን ዝግ እያለ ይወርዳል። በዚያው ቱቦ ተራ ጠጠር ጣሉና አስተያዩ። ከዚያ ተማሪዎቹ ማግኔቱ ለቱቦው የሰጠውን ሙቀት ያስሉ፤ 0.2 ጁል እንኳ አይሞላም። ሦስቱን በርሜል ለማፍላት ስንት ማግኔት መጣል እንዳለበትም ያውጡ።