መኪናው ሳይቆም ኃይሉን ስለ መጨመር

በጋይንት ቤተ ልሔም ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ሥርዓት አለ። ድጓን በሌላ ደብር ለዓመታት ሲማር የኖረ ደቀ መዝሙር ወደዚያ ወርዶ በመምህሩ ፊት ካላስመሰከረ፣ ድምፁ ምንም ቢያምር፣ ቃሉም ምንም ቢጠና፣ በቤተ ልሔም ዜማ ምስክር መምህር ተብሎ አይጠራም። ዛሬ በዚያው በጋይንት ምድር፣ በነፋስ መውጫ ከተማ፣ የባለሱቁ ሒሳብ በስልክ የሚከፈልበት ጊዜ ደርሷል። ሸማቹ ገንዘቡን ልኬአለሁ ይላል፤ ባለሱቁም የመልእክቱን መድረስ ይጠባበቃል። ሁለቱም ሳያውቁት የሚጠብቁት፣ ከእነርሱ እጅግ ርቆ በአንድ ክፍል ውስጥ የቆመውን ሰርቨር የሚባለውን ኮምፒዩተር ነው።

ይህ መኪና በአዘቦት ቀን የሚበቃው ጉልበት በበዓል ዋዜማና በደመወዝ ሰሞን አይበቃውም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ የባንኮቹም የስልክ አገልግሎት ከተስፋፋ ወዲህ፣ ሸክሙ በየጊዜው ጨምሯል። በቀድሞው አሠራር ኃይል ለመጨመር መኪናውን ማጥፋት፣ ፕሮሰሰሩን ወይም ሜሞሪውን መጨመር፣ እንደገናም ማስነሣት ግድ ነበር። በዚያች ሰዓት ውስጥ ግን የነጋዴው ገበያ ይቆማል። ስለዚህ መኪናው በሥራ ላይ እንዳለ ፕሮሰሰርና ሜሞሪ የሚጨመርበትና የሚቀነስበት ዘዴ ተፈጠረ፤ ባለሙያዎቹም ሆትፕላግ ይሉታል።

መኪናው ይህን ቢችል እንኳ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ካልቻለ ዋጋ የለውም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 የሊኑክስ 2.6 ትውልድ ፕሮሰሰርን በሥራ ላይ ማውጣትና ማስገባት ጀመረ፤ ሜሞሪ መጨመርም በቅርብ ዓመታት ተከተለ፤ ሜሞሪን መቀነስ ግን እስከ 2008 ድረስ ቆይቷል። በማይክሮሶፍት በኩል ዊንዶውስ ሰርቨር 2003 በከፍተኛ ዓይነቶቹ የሜሞሪ ጭማሪን፣ ዊንዶውስ ሰርቨር 2008ም በዳታሴንተር ዓይነቱ የፕሮሰሰር ጭማሪን ፈቅደዋል።

መጨመር ከመቀነስ ይቀላል፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ሥራ ይሰጠዋል፤ የሚሰናበተው ግን በእጁ ያለውን ሁሉ አስረክቦ መውጣት አለበት። አንድ ፕሮሰሰር ከሥራ ሲወጣ ይሠራቸው የነበሩ ፕሮግራሞች ወደ ሌሎቹ ይዛወራሉ፤ ከዲስክና ከኔትወርክ የሚመጡለት ጥሪዎችም አቅጣጫቸው ይለወጣል፤ ቀጠሮ የተያዘላቸው ጉዳዮቹ ለሌላ ይሰጣሉ። ሜሞሪ ከዚህም ይከብዳል። በሚወጣው ክፍል ላይ የተጻፈው ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ አለበት፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ለራሱ የያዘው ጽሑፍ ግን በአብዛኛው ከቦታው አይነቃነቅም።

ፈተናውም የሚደረገው በዚሁ ላይ ነው። ሊኑክስ እያንዳንዱን ፕሮሰሰር በአንዲት ፋይል ያሳውቃል፤ በፋይሏ ውስጥ 0 ሲጻፍ ፕሮሰሰሩ ከሥራ ይወጣል፣ 1 ሲጻፍ ይመለሳል። ፈታኙ መኪናውን በከባድ ሥራ ይጭነዋል፤ ከዚያም ፕሮሰሰሮቹን በየተራ እያወጣና እያስገባ፣ አንዴ ሁለቴ ሳይሆን በመቶ የሚቈጠር ጊዜ ይደጋግመዋል። ስሕተቱ በመጀመሪያው ጊዜ ሳይታይ በሦስት መቶኛው ሊታይ ይችላልና። ሜሞሪውም በየክፍሉ፣ በብዙ መኪናዎች 128 ሜጋባይት በሆነ ልክ፣ እንዲሁ ይፈተናል። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ሲስተሙ «ይህ ክፍል ተይዟልና አልለቅም» ብሎ እምቢ ቢል ጉድለት አይደለም፤ ጉድለቱ እሺ ብሎ ለቆ በውስጡ የነበረውን ቍጥር ሲያጠፋ ነው። እምቢታን ሁሉ እንደ ውድቀት የሚመዘግብ ፈታኝ ሥራውን አላወቀም።

በሥራ ላይ ያለ መኪናን መንካት ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ የአገራችን ነጋዴ አይቶታል። በመጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለቅዳሜ አጥቢያ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣት ችለው ነበር። የወጣውና የተዛወረውም ከ800 ሚሊዮን ብር እንደሚበልጥ ተነግሯል፤ አገልግሎቱም ለሰዓታት ተቋርጧል። የብሔራዊ ባንክ መግለጫ ነገሩ ከጥገናና ከፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ እንጂ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን አስታውቋል። ምክንያቱ የፕሮሰሰር ወይም የሜሞሪ ጭማሪ ነው ያለ የለም፤ ሆኖም የሚሠራ ሲስተም ሲነካ ኪሳራው በማን ላይ እንደሚያርፍ ያሳያል።

ሰርቨር የሚያስመጣ ነጋዴ እንግዲህ በዋጋ ዝርዝሩ ላይ «ሆትፕላግ ይቀበላል» የሚለውን ቃል ብቻ አይቶ ገንዘቡን አያውጣ። በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጡት አብዛኞቹ ሰርቨሮች ክዳናቸው ተከፍቶ በሥራ ላይ ፕሮሰሰር የሚገባባቸው አይደሉም፤ ይህ በከፍተኛዎቹ መኪናዎች ብቻ የሚገኝ ነው። በብዛት የሚሠራበት በቨርቹዋል ማሽን ላይ ነው፤ ይኸውም አንዱ ትልቅ መኪና ለብዙዎች ሲከፋፈል ነው። እዚያም ቢሆን ለምሳሌ በቪኤምዌር ፈቃዱ የሚከፈተው ቨርቹዋል ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ ስለሆነ፣ ከመጀመሪያው ያላሰበበት ሰው በጭንቅ ቀን አያገኘውም። የሒሳብ መዝገብ የሚይዘው ፕሮግራምም የሜሞሪ ድርሻው ሲነሣ ተወስኖለት ከሆነ፣ የተጨመረለት ሜሞሪ አጠገቡ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። የፕሮግራሙ ፈቃድ በፕሮሰሰር ቍጥር የሚከፈል ከሆነም፣ በአንድ ሌሊት የተጨመሩት ፕሮሰሰሮች በዓመቱ መጨረሻ በሻጩ ደረሰኝ ላይ ተጽፈው ይመጣሉ።