ተረትና እውነታ፦ የተራበው አባጨጓሬ በመማሪያ ክፍል

አሜሪካዊው ሠዓሊና ደራሲ ኤሪክ ካርል እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተመው «እጅግ የተራበው አባጨጓሬ» ከ60 በሚበልጡ ቋንቋዎች ተተርጉሟል። በብዙ አገር የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን ያነቡታል። አጠቃቀሙን በተመለከተ ግን ልጆቹን የሚጎዱ አንዳንድ እምነቶች ሥር ሰደዋል።

ተረት፦ ሥዕሉ ማሳመሪያ ነው፤ ትምህርቱ ያለው በጽሑፉ ውስጥ ነው።

አባጨጓሬው ሰኞ አንድ ፖም፣ ማክሰኞ ሁለት ፒር እያለ ዓርብ አምስት ብርቱካን ይበላል። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ገጹም እየሰፋ ይሄዳል፤ በየፍሬው ላይ ደግሞ የልጅ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። ገና ፊደል ያልቆጠረ ልጅ አምስት ከአንድ እንደሚበልጥ በዓይኑ ያያል፣ በጣቱ ይዳስሳል። ለካርል የመጽሐፉ ሐሳብ የመጣለት ወረቀት በመብሻ ሲበሳ ነበርና ቀዳዳው ታሪኩን ቀድሞታል። ስለዚህ መጽሐፉን ከሩቅ ብቻ አሳይቶ ማንበብ ልጆቹን ግማሹን መንፈግ ነው።

ተረት፦ ጎበዝ መምህር ሳያቋርጥ ያነባል፤ ጨዋ ተማሪም ጸጥ ብሎ ያዳምጣል።

ከሁሉ የከፋው ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ሥርዓት ማስከበር መስሎ የልጁን አንደበት ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ1988 ግሮቨር ዋይትኸርስትና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ባደረጉት ጥናት፣ ወላጆች ለትንንሽ ልጆቻቸው የሥዕል መጽሐፍ ሲያነቡ ሰፋ ያለ መልስ የሚሹ ጥያቄዎች እንዲጠይቁና የልጁን መልስ አስፍተው እንዲመልሱለት አሠለጠኑ። በአንድ ወር ውስጥ እነዚህ ልጆች እንደ ልማዱ ከተነበበላቸው እኩዮቻቸው በንግግር ችሎታ ቀድመው ተገኙ። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1992 በታተመ ጥናት በሜክሲኮ የሕፃናት ማቆያ ተሞክሮ እዚያም ሠርቷል።

በክፍል ውስጥ ሲሆን እንዲህ ነው። አባጨጓሬው ቅዳሜ ኬክ፣ አይስክሬም፣ ቋሊማ፣ ሐብሐብና ሌላም ሌላም ሲበላ ይውልና ማታ ሆዱን ያመዋል። መምህሯ «ይሄ ምንድን ነው?» ብቻ ብላ ብታልፍ የምታገኘው መልስ አንድ ቃል ነው። «ለምን ያመመው ይመስላችኋል? እናንተንስ እንዲህ አሟችሁ ያውቃል?» ብትል ግን ልጆቹ ያወራሉ። አንዱ «በላ፣ አመመው» ካለ፣ «አዎ፣ ብዙ ስለበላ ሆዱን አመመው» ብላ ዓረፍተ ነገሩን ሞልታ ትመልስለታለች። ልጁ ሳይታረምና ሳያፍር ሙሉውን አነጋገር ይሰማል።

ተረት፦ አንዴ የተነበበን መጽሐፍ መድገም ጊዜ ማባከን ነው።

በመጀመሪያው ንባብ ልጁ ታሪኩን ይከተላል። ሲደገም ቀጥሎ የሚመጣውን ይገምታል፤ ኋላም ራሱ መተረክ ይጀምራል።

ተረት፦ መጽሐፉ የሳይንስ ትምህርትን ይተካል።

እንቁላል፣ አባጨጓሬ፣ ቢራቢሮ የሚለው ቅደም ተከተል ትክክል ነው። ነገር ግን የእውነቱ አባጨጓሬ አይስክሬም አይበላም፤ የአብዛኞቹ ቢራቢሮዎች አባጨጓሬ ምግቡ ቅጠል ነው። ሌላም ልዩነት አለ፦ በመጽሐፉ ውስጥ አባጨጓሬው በዙሪያው ከሠራው ቤት ቢራቢሮ ሆኖ ይወጣል። ራሳቸውን በሐር ሽፋን የሚጠቀልሉት ግን፣ እንደ ሐር ትል፣ በአብዛኛው የእሳት እራት ዝርያዎች ናቸው። የብዙዎቹ ቢራቢሮዎች አባጨጓሬ ቆዳውን ገፎ ጠንካራ ገላ ይይዛል፤ ለውጡም በዚያ ገላ ውስጥ ይካሄዳል። ይህ መጽሐፉን ለመጣል ምክንያት አይሆንም። ክረምት ላይ ቅጠል የሚበላ አባጨጓሬ ከግቢ ማግኘት ከባድ አይደለምና፣ መምህራን ሆይ፣ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ፤ ሳትነኩት እዩት፤ ከመጽሐፉ ጋር የሚመሳሰለውንና የሚለየውን እነሱ ይንገሯችሁ።