ፈረሶችን ለ21 ቀናት መለየት ለምን ያስፈልጋል?

በአሜሪካ የኔቫዳ ግዛት በምትገኘው ላስ ቬጋስ ከእ.ኤ.አ. 1985 ጀምሮ፣ ከ2020 በስተቀር፣ በየዓመቱ በዲሴምበር ወር ብሔራዊው የሮዲዮ ፍጻሜ ውድድር ይካሄዳል። ለ10 ምሽቶች ከልዩ ልዩ ግዛቶች የመጡ ፈረሶች በአንድ ቅጥር ይሰባሰባሉ። እንዲህ ያለው ስብስብ ለተላላፊ በሽታ የተመቸ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 መጀመሪያ በቴክሳስ ዌኮ ከተማ ውድድር ላይ የነበሩ ፈረሶች ወደየመጡበት ከተመለሱ በኋላ በፈረስ ኸርፒስ ቫይረስ ዓይነት 1 ታመው ሲገኙ፣ ለላስ ቬጋሱ ውድድር የቀሩት ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነበሩ።

ቫይረሱ ሰውን አያሳምምም። በፈረስ ላይ ግን ትኩሳት ያስከትላል፣ እርጉዝ ባዝራን ያስጨነግፋል፤ አንዳንዴም የአንጎልንና የአከርካሪ ሕብለ ሰረሰርን የደም ሥሮች ይጎዳል። ያን ጊዜ የኋላ እግሮች ይደክማሉ፤ ፈረሱ ከወደቀ ዳግም ላይነሳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 በዩታ ግዛት ኦግደን ከተማ ከተካሄደ ውድድር በተነሣው ወረርሽኝ 90 ፈረሶች መያዛቸው ተረጋግጦ 13ቱ ሞተዋል ወይም እንዲሞቱ ተደርጓል።

በሽታው በትንፋሽና በአፍንጫ ፈሳሽ፣ በጋራ ባልዲ፣ በልጓም፣ እንዲሁም በተንከባካቢው እጅና ልብስ ይተላለፋል። ምልክቱ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 10 ቀናት ውስጥ ነው፤ ትኩሳቱ ከበረደ በኋላም ቫይረሱ ከአፍንጫ መውጣቱን ለቀናት ይቀጥላል። 21 ቀናት የሚቆጠሩት እነዚህን ጊዜያት ከነመጠባበቂያቸው ለመሸፈን ነው። በመካከሉ አዲስ ታማሚ ከተገኘ ቆጠራው እንደገና ይጀመራል። የእያንዳንዱ ፈረስ ሙቀት በቀን ሁለት ጊዜ ይለካል፤ ጤነኞቹ በቅድሚያ፣ የታመሙት በመጨረሻ ይመገባሉ። ክትባቱ የቫይረሱን ስርጭት ቢቀንስም የነርቭ ጉዳቱን እንደሚከላከል አልተረጋገጠም።

መለየት ግን ቫይረሱን አያጠፋውም። አንድ ጊዜ የተያዘ ፈረስ ቫይረሱን በሰውነቱ ውስጥ አድፍጦ ዕድሜ ልኩን ይሸከመዋል፤ ረጅም ጉዞና ድካም ሊቀሰቅሱት ይችላሉ። መለየት የሚያደርገው የመተላለፊያውን ሰንሰለት መበጠስ ነው።

ሰንሰለቱ እንደ በሽታው ይለያያል። በኢትዮጵያ የሚገኘው የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚተላለፈው በጥቃቅን ተናካሽ ነፍሳት ስለሆነ፣ ፈረስን ከፈረስ ማራቅ ብቻውን አይበቃም፤ ከምሽት እስከ ንጋት ነፍሳት በማያስገባ በረት ማሳደርና በቢሾፍቱ ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የሚመረተውን ክትባት መስጠት ይሻላል። የጋሪ ፈረሶችን የሚያቆስለው የፈንገስ በሽታ ደግሞ በቁስል በኩል ስለሚገባ ዕቃን በጋራ አለመጠቀምን ይጠይቃል።

ለባለ ጋሪው ችግሩ ሌላ ነው፤ የቆመ ፈረስ የቆመ ገቢ ነው። ስለዚህ የታመመን ፈረስ ቶሎ መለየት ሌሎቹ ሥራ እንዳይፈቱ ማድረግ ማለት ነው። ጥር 23 በአዊ እንደሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ካለ ስብስብ የሚመለስ ፈረስም ለጥቂት ሳምንታት ለብቻው ቢታሰር፣ የራሱ ባልዲ ቢኖረውና ሙቀቱ ቢለካ ለቀሪዎቹ ዋስትና ይሆናል።